ጀሪካኑን ወርውርለት

እሷ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን! ዛሬም ከባሕር ዳር ነን። ስለ መጀመሪያ እርዳታ እናወራለን። እኔ ነርስ ስለሆንኩ ብዙ እለፈልፋለሁ፣ ግን መጀመሪያ አንተ የልጅነትህን ንገራቸው።

እሱ፦ እሺ። አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ጣና ዳር እየዋኘን አንዱ ጓደኛችን እግሩ መሬት አጣ። ሌላው ላውጣው ብሎ ዘሎ ገባ። ተያያዙና ሁለቱም መስመጥ ጀመሩ። ደግነቱ አንድ ጋሼ በደንገል ታንኳ እያለፉ ነበር። የሸምበቆ መቅዘፊያቸውን ዘረጉላቸው። ያዙ፣ ወጡ።

እሷ፦ እግዜር ይስጣቸው! ራሳቸው አልገቡም፣ አየህ? የሚሰምጥ ሰው ያገኘውን ሁሉ ይጨብጣል፤ አንገትህም ቢሆን። ጭንቅ ነው። ስለዚህ ካልሰለጠንክ አትግባ። ጮኸህ ሰው ጥራ። እንጨት ዘርጋ፣ ገመድ ወርውር።

እሱ፦ ጀሪካንስ?

እሷ፦ እሱማ አንደኛ! ያ ቢጫው፣ የማይገኝበት ቤት የለም። እጀታው ላይ ገመድ እሰር። ታች ትንሽ ውሃ ተውበት፤ ጭራሽ ባዶ ከሆነ ቀሎ ሩቅ አይሄድልህም። ክዳኑን ግጥም አድርገህ ወርውርለት።

እሱ፦ ወጣ እንበል፣ ግን አይተነፍስም። እኛ ሰፈር ወዲያው በእግሩ ዘቅዝቀው ያንጠለጥሉታል። ወይ ሆዱን ይጫኑታል፣ ውሃው ይውጣ ብለው።

እሷ፦ ይሄን ስሰማ አንጀቴ ያርራል። ውሃ የወሰደው ሰው ያጣው አየር ነው። ሆዱን ስትጫነው የበላው ወደ ላይ መጥቶ ሳንባው ውስጥ ይገባል። ደቂቃውም ያልፋል።

እሱ፦ እና ምን ላድርግ?

እሷ፦ ጠንካራ መሬት ላይ በጀርባው አስተኛው። ጥራው፣ ትከሻውን ነካ አድርገው። ዝም ካለ አንድ ሰው 907 ይደውል፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። ግንባሩን ወደ ኋላ፣ አገጩን ወደ ላይ አድርግና ደረቱን እይ። ከ10 ሰከንድ በላይ አትጠብቅ። ካልተነፈሰ አፍንጫውን ያዝ፣ አፍህን አፉ ላይ ግጠም፣ 5 ጊዜ ተንፍስለት። ደረቱ ከፍ ሲል ታየዋለህ።

እሱ፦ ከዚያ ደረቱን መጫን?

እሷ፦ አዎ። የመዳፍህን ተረከዝ፣ ማለት ወደ እጅ አንጓህ ያለውን ወፍራሙን ክፍል፣ ደረቱ መሃል አድርግ፣ ሌላውን እጅህን ደርብበት። ክንድህን ሳታጥፍ 30 ጊዜ ተጫን፣ 2 ጊዜ ተንፍስለት። እንደገና 30፣ እንደገና 2። ለትልቅ ሰው ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ይግባ፤ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120። ያደክማል! ላብህ አፍንጫህ ላይ ይንጠባጠባል። በየ2 ደቂቃው ተቀያየሩ።

እሱ፦ አፍ ለአፍ የሚከብደው ሰውስ?

እሷ፦ ደረቱን ብቻም ቢሆን ይጫን፤ ዝም ብሎ ከማየት እጅግ ይሻላል። ግን በውሃ አደጋ ትንፋሹ ትልቅ ነገር ነው፣ ከቻልክ አትተወው።

እሱ፦ ነቅቶ «ደህና ነኝ፣ ቤቴ ልሂድ» ቢልስ?

እሷ፦ አይሄድም! ሐኪም ይየው። ከሰዓታት በኋላ ትንፋሽ የሚያጥረው አለ።

እሱ፦ ሳንጨርስ አንድ ነገር። ልጅ ሆኜ ጀበና እጄ ላይ ተገለበጠና እናቴ ሊጥ ለጠፈችልኝ። ጎረቤት ደግሞ ኮልጌት ይዛ መጣች።

እሷ፦ ለተቃጠለ ወዲያው ውሃ ነው፤ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ፣ ለ20 ደቂቃ። በረዶ አይደለም። ቀለበትና አምባር ሳያብጥ ይውለቅ። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ። ሊጡም ኮልጌቱም ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ ያፍነዋል።

እሱ፦ ቧንቧው ከጠፋስ? ያለ ነገር ነው።

እሷ፦ ከበርሜሉ በኩባያ እየቀዳህ አፍስስበት። 20 ደቂቃው እስኪሞላ አታቁም።

እሱ፦ ዛሬ ማታ እናቴ ጋ እደውላለሁ። አሁን የልጅ ልጆቿ ናቸው ጀበናው አጠገብ የሚሯሯጡት።