«ከውጭ ግዙ» የሚለው ወረቀት
(በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዓመታዊ የአባላት ዕድሳት ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የከተማችን አባቶችና እናቶች፣ የዕድር ዳኞች፣ የቀበሌና የወረዳ አመራሮች፣ የጤና ጣቢያችን ባልደረቦች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

የተጋበዝኩት የዘንድሮው ዕድሳት መጀመሩን እንዳበስርና መዋጮአችሁን በጊዜ እንድታስገቡ እንድቀሰቅስ ነው። እሱንም አደርጋለሁ። ነገር ግን ለዓመታት ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት በስተጀርባ የቆምኩ የፋርማሲ ባለሙያ ነኝና፣ ከዚያ ያየሁትን ሳልናገር ከዚህ መድረክ ብወርድ እናንተን መሸንገል ይሆንብኛል።

ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው የደቡብ ክልል በሚገኙ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ ጤነኛው ለታመመው ማዋጣቱ ዕድር ላሳደገው ሰው እንግዳ ሐሳብ አልነበረም። አባሉ በዓመት አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችለው ድሃ መንግሥት ይከፍልለታል፤ ታካሚው በመጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ይመጣል፣ ከዐቅማችን በላይ ሲሆን በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይላካል። ስምምነታችን ይኸው ነበር።

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር አንዲት እናት ከገጠር ቀበሌ ገና ሳይነጋ ተነሥተው መጡ። ካርድ ክፍል ተሰለፉ፣ ግፊታቸው ተለካ፣ ምርመራቸውን ጨርሰው እኔ ዘንድ ሲደርሱ ቀኑ ተጋምሷል። የመድን ደብተራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውት ስለነበር ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈትተው፣ ደብተሩንና አምሎዲፒን የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒት ማዘዣ በመስኮቱ አቀበሉኝ። መደርደሪያው ባዶ ነበር። «እማማ፣ የለም፤ ከውጭ ይግዙ» አልኳቸው። ደብተሩን ከፍ አድርገው፣ «ልጄ፣ ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ማዘዣውን ከደብተሩ ጋር መልሰው ቋጥረው ሄዱ። በጥር ሲመለሱ ያው ወረቀት ከቋጠሮው ወጣ፤ መድኃኒቱ አልተገዛም፣ ግፊታቸውም ከበፊቱ ብሶ ነበር። ያቺን ወረቀት የጻፍናት እኛ ነን። እሳቸው የሚጠበቅባቸውን ከፍለዋል!

መድኃኒቱ የሚጠፋው አንዳንዴ ከአቅራቢው ስለሚታጣ ነው፤ ይህን አልክድም። ብዙውን ጊዜ ግን ጤና ጣቢያው ለአባላት የሰጠውን አገልግሎት ዘርዝሮ ሒሳቡን ለመድኑ ካቀረበ በኋላ ሒሳቡ ሲመረመር፣ ሲመለስ፣ ፊርማ ሲጠብቅ ወራት ያልፋሉ፤ በዚያ ገንዘብ ሊገዛ የሚገባው መድኃኒትም ሳይገዛ ይቀራል። ጥፋቱ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም፤ እኛም ሒሳቡን ጎዶሎ አድርገን የምንልክበት ጊዜ አለ።

የዕድር ዳኞች ሆይ፣ እናንተን ልጠይቅ። አንድ አባል ሐዘን ሲደርስበት «ድንኳን የለም፣ ከገበያ ተከራይ» ብትሉት በሚቀጥለው ወር መዋጮውን ይዞላችሁ ይመጣል? አይመጣም! ታዲያ ስለ ጤና መድን ሲሆን አባሉን «ግንዛቤ ይጎድለዋል» የምንለው በምን አፋችን ነው? በየዓመቱ ሪፖርታችን ስንት ሰው ከፈለ ይላል፤ ስንቱ ማዘዣውን ይዞ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ እንደተመለሰ አንድም መስመር የለውም። የወረዳችን አመራሮች፣ ያንን መስመር ሪፖርቱ ውስጥ አስገቡት! ሒሳቡም የሚከፈልበት ቀን ተቆርጦ ይነገረን!

የሪኤጀንት፣ ማለትም የላቦራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካል፣ እጥረትም አለ፤ የካርድ ክፍሉም ሰልፍ እንደምታውቁት ነው። እነሱን የጤና ጣቢያው ኃላፊ በሰፊው ያነሷቸዋል።

ዕድሳቱ ከነገ ጀምሮ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይካሄዳል፤ የቤተሰባችሁን ፎቶግራፍና የቆየውን ደብተር ይዛችሁ ኑ። እኔ ደግሞ ዘወትር ሰኞ ጠዋት ያለቁትን መድኃኒቶች ስም በትልቁ ጽፌ በመስኮቱ ላይ እለጥፋለሁ፤ ከአንድ ወር በላይ ሳይነሣ የቆየ ስም ካያችሁ ወረዳው ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁ። ወረዳው እኔን የሚጠይቀኝም ከሆነ በመስኮቱ አለሁ።

አመሰግናለሁ።