ውሃውን ማታ ማን ይጠብቀዋል?

እንደምን ሰነበታችሁ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም፤ ብቻዬን ነው የማወራችሁ። የማነሣውም አንዲት የጀልባ ጉዞ ናት፤ ግማሽ ሰዓት ያህል የፈጀች፣ እዚህ ሆላንድ ውስጥ፣ ከሮተርዳም ብዙም ሳይርቅ፣ በውሃና በግጦሽ መካከል። ከተመለስን ሦስት ሳምንት ሆኖናል። እናቴ እዚያ የጠየቀችኝ ጥያቄ ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

እማዬ ከድሬዳዋ የመጣችው ሦስት ወር አብራኝ ልትቆይ ነው። እኔ እዚህ አገር ስኖር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ በነፋስ ወፍጮዎቹ የታወቀውን ኪንደርዳይክን ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ሰው አጠገቡ ያለውን መልካም ነገር ለእንግዳ ያስቀምጠዋል መሰለኝ፤ ልክ ቡፌ ውስጥ እንደሚቀመጡት ሲኒዎች።

ከኤራስመስ ድልድይ ሥር በወንዙ ላይ የሚመላለሰውን የሕዝብ ጀልባ ይዘን ሄድን። ኪንደርዳይክ ሌክ እና ኖርድ የሚባሉት ወንዞች የሚገናኙበት መንደር ነው። ትልቁ ወንዝ ጩኸት አለው፤ ኮንቴይነርና አሸዋ የጫኑ መርከቦች ይተላለፉበታል፣ ማዕበላቸው ዳርቻውን ይመታል። ከዚያ ትወርዱና ዳይክ የሚሉትን ረጅም የአፈር ግድብ ትሻገራላችሁ። ሲሻገሩት ድምፁ ሁሉ ከኋላ ይቀራል። ወዲያ ማዶ የረጋ ውሃ፣ ሸምበቆ፣ ፊላ፣ ጫጩቶቿን ያስከተለች ዳክዬ። እዚያ ነው ትንሿን ጀልባ የተሳፈርነው።

ጀልባዋ ዝግ ብላ በቦዩ መካከል ስትሄድ ወፍጮዎቹ በግራና በቀኝ እየተገለጡ ይመጣሉ። በጠቅላላው አሥራ ዘጠኝ ናቸው። በአንደኛው ወገን ያሉት ስምንቱ እ.ኤ.አ. በ1738 የተሠሩ፣ ክብ የጡብ ግንብ ናቸው። በሌላው ወገን ያሉት ስምንቱ ደግሞ በ1740 የተሠሩ፣ ስምንት ማዕዘን ያላቸውና አካላቸው በሸምበቆ ክዳን የተሸፈነ ነው። የቀሩት ሦስቱ ለየት ብለው ይቆማሉ። ዩኔስኮ በ1997 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ክንፎቻቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ25 ሜትር በላይ ናቸው፤ ሲዞሩ የታችኛው ክንፍ ሣሩን ሊነካ ምንም አይቀረውም።

እማዬ ጋቢዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ስታይ ቆየችና፣

«ምን ይፈጫሉ?» አለችኝ።

«ምንም አይፈጩም» አልኳት። «ውሃ ነው የሚያወጡት።»

ግር አላት። እውነቷን ነው፤ በእኛ ቋንቋ ወፍጮ ካለ እህል አለ፣ ዱቄት አለ፣ ወረፋ አለ። እነዚህ ግን ከተሠሩ ጀምሮ አንዲት ፍሬ ፈጭተው አያውቁም። ሥራቸው ከዝቅተኛው ቦይ ውሃ እየቀዱ ወደ ከፍተኛው ማንሣት ብቻ ነበር።

«ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» አለች እማዬ።

ተረቱን ስትናገር ፈገግ ብላ ነበር። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሁሉ በዚህ ተረት በኩል ነው ያየሁት።

አሠራሩን ላስረዳችሁ። ፖልደር የሚባለው በግድብ ተከቦ፣ ውስጡ ያለው ውሃ በሰው እጅ የሚመጠን መሬት ነው። ዝናብ ይዘንባል፣ ከሥርም ውሃ ይመነጫል። መሬቱ ከወንዙ ስለሚያንስ ውሃው በራሱ ፈስሶ አይወጣም፤ ስለዚህ ሜዳው ሁሉ በጠባብ ቦዮች ተሸንትሯል። ቦዮቹ ውሃውን ወደ ወፍጮው ያመጡታል፣ ወፍጮው በትልቅ መቅጃ መንኮራኩር ወደ ላይ ያነሣዋል፣ ከዚያ ውሃው በሰፊ መያዣ ውስጥ ይጠብቃል። ወንዙ ዝቅ ሲል በሩ ተከፍቶ ይለቀቃል። ያንን መያዣ ሆላንዶች ቡዘም ይሉታል፤ በቋንቋቸው ደረት፣ ጉያ ማለት ነው። ውሃውን ወንዙ እስኪቀበለው ድረስ ጉያቸው ውስጥ ያቆዩታል። እኛ የተንሳፈፍነው በዚያ ጉያ ላይ ነበር።

አንደኛው ወፍጮ ጋ ስንደርስ ወረድን፤ ውስጡ ለጎብኚ ክፍት ነው። ከዚያ በፊት ግን እማዬን በግድቡ ጫፍ ላይ አቆምኳት። በቀኛችን የመጣንበት ውሃ አለ። በግራችን፣ ከግድቡ ወዲያ፣ ሜዳ አለ፤ ጥቁርና ነጭ ላሞች ይግጣሉ። እማዬ ወደ ቀኝ አየች፣ ወደ ግራ አየች፣ እንደገና ወደ ቀኝ አየች። እጇን አግድም ዘርግታ የውሃውን ከፍታ ለካች፤ ከዚያ ያንኑ እጅ ሳታወርድ ወደ ሜዳው አዞረችው። እጇ ከላሞቹ ጀርባ በላይ ሆነ።

«ላሞቹ ከውሃው በታች ናቸው» አለች።

«አዎ።»

ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ ነው የጠየቀችኝ።

«ውሃውን ማታ ማን ይጠብቀዋል?»

ይህን ጥያቄ ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ እንደ ቀልድ ባለፍኩት። እማዬ ግን የደቻቱ ሰው ናት። ድሬዳዋን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር ነው የምላችሁ፣ ከላይ ከደጋው የዘነበው ዝናብ ሌሊት፣ ሰው በተኛበት መጣ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። እኛ ቤታችን ከወንዙ ራቅ ያለ ስለነበር ተረፍን። እማዬ ግን ከዚያ ሌሊት ወዲህ ከተማው ደረቅ ሆኖ በተራራው በኩል መብረቅ ካየች አትተኛም። ልጅ ሆኜ ብዙ ጊዜ ነቅቼ በር ላይ ቆማ ስትሰማ አግኝቻታለሁ። የምትሰማው ዝናቡን አልነበረም፤ አሸዋውን ነው።

ስለዚህ ጥያቄዋ ገባኝ። ውሃ ማታ እንደሚመጣ ታውቃለች። እዚህም ሲመጣ የመጣው ማታ ነው። በኅዳር 1421፣ ከዚህ ወዲያ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምላችሁ፣ በቅድስት ኤልሳቤጥ በዓል ሌሊት ባሕሩና ወንዞቹ ግድቡን ሰብረው፣ ከዚህ ብዙም በማይርቅ ቦታ መንደሮችን ዋጡ። የኪንደርዳይክ ስምም ከዚያ ጎርፍ ጋር በአፈ ታሪክ ይያያዛል። ጎርፉ ሲያልፍ በውሃው ላይ የእንጨት አልጋ ተንሳፍፎ መጣ ይላሉ፤ ውስጡ ሕፃን፣ ከሕፃኑ ጋር ድመት። ድመቲቱ አልጋው ወደ አንዱ ጎን ባዘነበለ ቁጥር ወደ ሌላው ጎን እየዘለለች ሚዛኑን ትጠብቅ ነበር አሉ። ኪንደርዳይክ የልጅ ግድብ ማለት ነው። በየካቲት 1953 መባቻም ጎርፉ የመጣው ከቅዳሜ ወደ እሑድ በሚያነጋው ሌሊት ነው፤ በዚህ አገር 1,836 ሰው ሞተ። እማዬ ቁጥሩን ስነግራት አማተበች። ድመቲቱን ደግሞ ወደደቻት፤ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

ወደ ወፍጮው ውስጥ ገባን። ጠባብ ነው፤ የወፍጮው ጠባቂ ከነሚስቱ ከነልጆቹ እዚያው ግንብ ውስጥ ነበር የሚኖረው። አልጋቸው በግድግዳ ውስጥ የተሠራ ቁም ሣጥን ይመስላል፣ አጭር ነው፣ በር አለው። ከአልጋው ጥቂት ክንድ ርቆ የእንጨቱ መዘውር ይዞራል። በዚያን ቀን ነፋስ ስለነበር ክንፎቹ ይዞሩ ነበር። እማዬ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች፤ እኔም አጠገቧ አሳረፍኩ። ጡቡ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። በየተወሰነ ጊዜ ክንፉ በመስኮቱ ፊት ሲያልፍ ክፍሉ ይጨልማል፣ ወዲያው ይበራል፣ ይጨልማል፣ ይበራል። እንግዲህ በዚህ ውስጥ ልጅ አሳድገዋል።

ነፋስ ደግሞ ሰዓት አይመርጥም። ውሃው ከፍ ካለና ነፋሱ ሌሊት ከመጣ ወፍጮው ሌሊት ይሠራል። ጠባቂው ተነሥቶ በጨለማ ሸራውን በክንፎቹ ላይ ይዘረጋል፣ ነፋሱ አቅጣጫ ከቀየረ ከውጭ ያለውን መንኮራኩር እየገፋ የወፍጮውን ራስ ወደ ነፋሱ ያዞረዋል። ነፋሱ ከበረታ ደግሞ ሸራውን መልሶ ይሰበስባል። ይህን ሁሉ ለእማዬ አስተረጎምኩላት።

«እንቅልፍ የላቸውማ» አለች። የምታውቀውን ሰው ያገኘች ያህል ነበር ድምፅዋ።

ስንመለስ የጀልባው አሽከርካሪ፣ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፣ እማዬ ጥቁር መልበሷን አይተው ሐዘን ላይ መሆኗን ጠየቁኝ። ባለፈው ዓመት ወንድሟ አርፏል። ያን ጊዜ ወደ አንዱ የቆመ ወፍጮ እያመለከቱ ወፍጮም ያዝናል አሉን። የላይኛው ክንፍ ከፍተኛው ቦታ ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከቆመ ደስታ ነው፤ ሠርግ፣ ልደት። ያንን ቦታ ጥቂት አልፎ ከቆመ ሐዘን ነው። የመጀመሪያው መጪ ነው፣ ሁለተኛው ሂያጅ። በ2014 በዩክሬን ሰማይ ላይ በተመታው አውሮፕላን 298 ሰዎች ሲሞቱ፣ ብዙዎቹ የዚህ አገር ሰዎች ስለነበሩ፣ በየቦታው ወፍጮዎች በሐዘን ቆመው ነበር። እማዬ ሳስተረጉምላት ራሷን ነቀነቀች። «ሂያጅ» አለች ቀስ ብላ፣ ወፍጮውን እያየች።

አሁን ጥያቄዋን ልመልስ። ዛሬ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ወፍጮዎቹ አይደሉም። በ1868 በእንፋሎት የሚሠራ የውሃ ማውጫ ጣቢያ መጣ፣ ከዚያ ናፍጣና ኤሌክትሪክ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነዳጅ ሲጠፋ ወፍጮዎቹ ተመልሰው ሠርተዋል። ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል፤ ከጀልባው ሆነን በአንዱ ጓሮ የተሰጣ ልብስ አይተናል።

ውሃውን የሚያስተዳድሩት ደግሞ ዋተርስኻፕ የሚባሉ ምክር ቤቶች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተቋቋሙ ናቸው፤ ግድቡ ቢፈርስ የባለጠጋውም የድሃውም ላም አብሮ ስለሚሰምጥ ጎረቤት ለጎረቤት ተቀምጦ መመካከር ግድ ሆነበት። ዛሬ 21 አሉ። እዚህ የምትኖሩ ታውቃላችሁ፣ በየዓመቱ የግብር ደብዳቤ ይልኩልናል። እኔ ያንን ደብዳቤ ለአሥራ አንድ ዓመት ስከፍለው ምን እንደሚገዛልኝ አንድ ቀን አልጠየቅኩም።

ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለ። የዋተርስኻፕ ምክር ቤት በሕዝብ ምርጫ ነው የሚቋቋመው። ፓስፖርታችሁ ኢትዮጵያዊ ቢሆንም በሕጋዊ ፈቃድ የምትኖሩ ከሆነ በዚህ ምርጫ መምረጥ ትችላላችሁ። በመጋቢት 2023 የምርጫ ካርዱ ቤቴ መጥቶ ነበር። መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት፣ ቀኑም አለፈ። የደቻቱን ሌሊት ያሳለፈች እናት ልጅ ሆኜ፣ ውሃውን ማን ይጠብቀው ተብዬ ስጠየቅ መልስ አልሰጠሁም። ይህ እውነት ነው የሚቆጨኝ። የሚቀጥለው ምርጫ በ2027 ነው። ካርዱ ሲደርሳችሁ መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት።

ምክንያቱም ሥራው እየቀለለ አይደለም። ይህ መሬት በሺህ ዓመታት ከተከማቸ ሸምበቆና ሣር የተሠራ፣ ጥቁርና ለስላሳ አፈር ነው። ውሃ ውስጥ እስካለ አይበሰብስም። ውሃው ሲወጣለት ግን አየር ያገኘዋል፣ ይበሰብሳል፣ ይሟሽሻል፣ ዝቅ ይላል። ዝቅ ሲል ውሃው ይቀርበዋል፤ ውሃው ሲቀርበው እንደገና ማውጣት ያስፈልጋል፤ ሲወጣ ደግሞ እንደገና ይሰምጣል። መካከለኛው ዘመን ላይ የመጀመሪያዎቹ ገበሬዎች ቦይ ሲቆፍሩ ውሃው በራሱ ወደ ወንዙ ይፈስ ነበር። መሬቱን ዝቅ ያደረገው ራሱ እርሻው ነው። የእማዬ ተረት እዚህ ላይ ነው የያዘኝ። በእርግጥም ውሃ እየወቀጡ ነው፤ እምቦጭታውም ፊታቸው ላይ ይመለሳል። ያንን እያወቁ ግን ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ሙቀጫውን አልጣሉም።

ከመሄዳችን በፊት ወደ ዘመናዊው የውሃ ማውጫ ጣቢያ ተጠጋን። ግዙፍ የብረት ጠመዝማዛዎች አሉት፤ የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ አርኪሜደስ ባሰበው ዘዴ እየዞሩ ውሃውን ደረጃ እንደሚያወጡት ያህል ወደ ላይ ይገፉታል። እማዬ የብረት አጥሩን ይዛ ቆመች። የውሃው ርጭት ጋቢዋን አርሶት ነበር፤ እንሂድ ብላትም አልሰማችኝም።

ማታ ቤት ገብተን ድሬዳዋ ላለችው እህቷ ደወለች። እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ስለ ድመቲቱ ነገረቻት፣ ስለ ቁም ሣጥን አልጋው ነገረቻት። ከዚያ፣

«ላሞቹ ከውሃው በታች ናቸው» አለቻት። «አዎ፣ በታች። በእጄ ለክቼ ነው የምነግርሽ።»

አክስቴ አንድ ነገር ጠየቀቻት መሰለኝ፣ እማዬ ጥቂት ዝም አለች።

«አለው» አለች። «የሚጠብቀው ሰው አለው። ሌሊትም ጭምር።»