«አዎ ጋሼ፣ ሌሊቱን ሙሉ»

እሺ... ዛሬም ስለ ሞተሬ፣ ስለ ድንቢጥ ነው። ኧረ እሷ ደህና ናት፣ ትናንት ዘጌ ደርሳ መጥታለች። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ።

ያኔ ባትሪ ስገዛ፣ ያው አሲዱ ለብቻው የሚመጣውን ነው የገዛሁት፣ ጋሼ ሱቃቸው በር ላይ ቁጭ ብለው ስድስቱንም ቀዳዳ በተራ ሞሉት፣ ሳጥኑ ሲሞቅ በእጄ አስነኩኝ። «ትንሽ ይረፍ፣ ከዛ ቀስ ብሎ ይሞላ፣ 5 አምፒር ሰዓት ስለሆነ በግማሽ አምፒር፣ ሳይሞላ እንዳታስረው» አሉኝ። ወዲያው አሰርኩት። እማዬ ቅዳሴ ወጥታ ጊዮርጊስ በር ላይ እየጠበቀችኝ ነበራ፣ ስታርተሩንም ገና ስነካው ተነሳች።

የሚያታልለው እሱ ነው። አሲድ ስለገባበት ብቻ ለማስነሳት ይበቃል ግን ሙሉ አይደለም፣ እንደጎደለ ከቆየ ደግሞ ውስጡ ሰልፌት የሚሉት ነጭ ነገር ይጋገርበታል፣ እኔ በዛ ላይ ከቤት ገበያ ከገበያ ቤት፣ መቼ ይሙላ? በሶስተኛው ወር አንድ ጠዋት ጠቅ። ጠቅ ብቻ። ቴስተር ሳደርግበት 11.8 ቮልት፣ ሙሉ ቢሆን እኮ 12.6 ምናምን ነው የሚለው።

ይዤው ሄድኩ። ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ክዳኖቹን አንድ በአንድ ፈቱ፣ ውሃው ልክ ነው፣ ተርሚናሉን በአውራ ጣታቸው ጠረግ አደረጉት፣ ቀና ሳይሉ «ቻርጅ አድርገኸው ነበር ልጄ?» አሉ።

«አዎ ጋሼ፣ ሌሊቱን ሙሉ።»

ሌሊቱን ሙሉ ማለት ምን አስፈለገኝ? «አዎ» ብቻ ብል እኮ... እሱም ውሸት ነው፣ ግን... «እንግዲያ ከፋብሪካው ነው» ብለው አዲስ አወረዱልኝ፣ ሰባራ ሳንቲም አልተቀበሉኝም። እዛ ሱቅ የዋስትና ወረቀት የሚባል የለም፣ ቃላቸው ነው ዋስትናው።

በነገራችን ላይ የትኛውን እንግዛ ላላችሁኝ፣ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ቁመቱም ፖዘቲቩ ያለበት ጎንም እኩል ይሁን። ስትፈቱ ኔጌቲቩን አስቀድሙ፣ ስታስሩ ፖዘቲቩን። ውሃው ሲጎድል ዲስቲልድ ውሃ ብቻ፣ አሲድ አትጨምሩ። ይሄን ሁሉ ያስተማሩኝ እኮ እሳቸው ናቸው።

ይሄኛውን ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አደረግኩት። የምሬን። እየተነሳሁ ሳጥኑን በእጄ እነካው ነበር እንዳይግል፣ እንቅልፍም አልወሰደኝ...

ከዛ ወዲህ በሱቃቸው አላልፍም፣ በሀይቁ ዳር ዞሬ ነው የምሄደው። ትናንት ግን ከዘጌ ስመለስ ብሩን ይዤ በዛው መጣሁ፣ አቆምኩ፣ ቁልፉንም አጠፋሁት። የሌላ ልጅ ባትሪ ላይ አሲድ እየሞሉ ነበር፣ ቀና ብለው አዩኝና እጃቸውን አነሱልኝ፣ ደስ ብሏቸው። እኔ... ስታርተሩን ነካሁት፣ አንዴ ነው የተነሳችው፣ እና...