«ቃሏ በቂ ነው»፦ አንቀጽ 552 እና ያልተቋጨው ክርክር

[ምስል፦ ጎንደር፣ ፒያሳ። ተራኪው በድምፅ ብቻ።]

የተከበራችሁ ተመልካቾች፤ በከተማችን ስለ ጽንስ ማቋረጥ ጨዋታ ሲነሣ ሁለት አባባሎች ተደጋግመው ይሰማሉ። አንደኛው «በሕግ የተከለከለ ነው» ይላል፤ ሌላው «ከ1997 ወዲህ ተፈቅዷል» ይላል። ሁለቱም የሕጉን ግማሽ ብቻ የያዙ ናቸው። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ጽንስ ማቋረጥን በመርሕ ደረጃ ወንጀል ያደርገዋል፤ በዚያው ክፍል ውስጥ ወንጀል የማይሆንባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ ከዚያም ከሁኔታዎቹ አንዱን ለማረጋገጥ ከሴቲቱ ቃል በቀር ሌላ ማስረጃ እንዳያስፈልግ ይደነግጋል። ዛሬ የምናብራራው በተለይ ይህን የመጨረሻውን ድንጋጌ ነው፤ በእኛ አስተያየት ለሃያ ዓመታት የዘለቀው ሙግት ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነውና።

ነገሩን ለመረዳት ከቀድሞው ሕግ መነሣት ያስፈልጋል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በስዊሱ የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ተረቅቆ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጽንስ ማቋረጥን የፈቀደው ነፍሰ ጡሯን ከከባድና ዘላቂ የሕይወት ወይም የጤና አደጋ ለማዳን ሲሆን ብቻ ነበር። ለዚያውም አደጋውን አንድ ሐኪም በጽሑፍ ሲያረጋግጥና ሁለተኛ ሐኪም ሲስማማበት ነው። በወረቀት ላይ ሲነበብ ምክንያታዊ ጥንቃቄ ይመስላል። ነገር ግን ሕጉ በወጣበት ዘመን ሁለት ሐኪም በአንድ ቦታ የሚገኝበት ከተማ ስንት ነበር? የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በፈረንጆቹ 1954 የተመሠረተው እኮ ሐኪም በበቂ ቁጥር ባለመኖሩ፣ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ለመላክ ነው። እንግዲህ ለደምቢያ ወይም ለወገራ ገበሬ ሚስት የሁለት ሐኪሞች ፊርማ የሚጠይቅ ፈቃድ ከክልከላ የሚለይበት ነገር አልነበረውም። ሴቶቹ ወደ ሥር ማሹና ወደ ስውር ቤት ሄዱ፤ ብዙዎቹም በመጨረሻ ደም እየፈሰሳቸው ወይም ማሕፀናቸው ተመርዞ ሆስፒታል ደረሱ።

የወንጀል ሕጉ በጠቅላላው ሲሻሻል ክርክሩ ወደ አደባባይ ወጣ። የኢትዮጵያ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ማኅበር በየክፍሉ የሚያየውን ሞት ይዞ ቀረበ፤ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ደግሞ ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ከሚደርስባቸው ጉዳት እንዲጠበቁ የሚደነግገውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 35 ጠቀሰ። በሌላው ወገን የሃይማኖት ተቋማትና በጤና ሙያ ላይ ያሉ የክርስቲያን ባለሙያዎች ስብስብ ቆሙ። አቋማቸውም ግልጽ ነበር፤ ሕይወት ከፅንሰት ይጀምራል፣ ስለዚህ ሊጠበቅ የሚገባው የእናቲቱ ሕይወት ብቻ አይደለም። አርባ አራት ታቦት ባላት ከተማ ውስጥ ይህ አቋም ማስረዳት የሚያሻው አይደለም፤ ብዙ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማው ነው።

[ምስል፦ የነጋሪት ጋዜጣ ገጽ፤ አንቀጽ 551 ጎልቶ ይታያል።]

ውጤቱ አስታራቂ ሆኖ ወጣ። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ሕግ፣ በአንቀጽ 545 ጽንስን አስቦ ማቋረጥ እንደሚያስቀጣ ካወጀ በኋላ፣ በአንቀጽ 551 አራት በሮችን ክፍት አድርጓል። እርግዝናው በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመዳሞች መካከል በተፈጸመ ግንኙነት የመጣ ሲሆን፤ የእናቲቱን ወይም የጽንሱን ሕይወት፣ አለበለዚያም የእናቲቱን ጤና አደጋ ላይ የሚጥል ሲሆን፤ ጽንሱ የማይድንና ከባድ የአካል ጉድለት ሲኖረው፤ እንዲሁም እናቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ሕፃኑን ለማሳደግ የማትችል ስትሆን ጽንስን ማቋረጥ አያስቀጣም። ድህነት ከእነዚህ መካከል የለም። አንቀጽ 550 ከባድ ድህነትን የቅጣት ማቅለያ አድርጎ ብቻ አስቀምጦታል፤ ይህም ማለት በችግር ምክንያት ጽንሷን ያቋረጠች ሴት ጥፋተኛ ትባላለች፣ ቅጣቷ ግን ይቀልላታል። በሕጉ ውስጥ የአስታራቂነቱ ስፌት በግልጽ የሚታየው እዚህ ላይ ይመስለናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አንቀጽ 552 ንዑስ አንቀጽ 2፣ እርግዝናው በመደፈር ወይም በዘመዳሞች ግንኙነት የመጣ መሆኑን ለማረጋገጥ የሴቲቱ ቃል ብቻውን በቂ ነው ይላል። የፖሊስ ማስረጃ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የደፋሪው ስም አይጠየቅም። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. ያወጣውና በኋላም ያሻሻለው መመሪያ ይህንኑ መንፈስ ወደ ዕድሜም አስፍቶታል፤ ባለሙያው ሴቲቱ የነገረችውን ዕድሜ ይመዘግባል እንጂ የልደት ካርድ ወይም መታወቂያ አይጠይቅም። የተናገረችው ነገር በኋላ ትክክል ሆኖ ባይገኝም ባለሙያው በዚህ አይከሰስም። አገልግሎቱም ከጠየቀችበት ጊዜ አንሥቶ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲሰጣት ታዟል።

ተቃዋሚዎች ዛሬም አጥብቀው የሚነቅፉት ይህንኑ ነው። ነቀፌታቸውም እንዲሁ የሚጣል አይደለም። ማስረጃ የማይጠየቅበት ፈቃድ ለሁሉም የተከፈተ ፈቃድ ነው፤ ማንኛዋም ሴት «ተደፍሬያለሁ» ብላ ልትገባ ትችላለች፤ ስለዚህ ሕግ አውጪው በአንቀጽ 545 የከለከለውን በአንቀጽ 552 መልሶ ፈቅዷል ይላሉ። በአመክንዮ ደረጃ ይህ ትክክለኛ ምልከታ ነው። ነገር ግን ማስረጃ ይጠየቅ ብንል ምን ይከተላል? የመደፈር ክስ ከምርመራ እስከ ውሳኔ ወራት ይፈጃል፤ እርግዝና ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። የፍርድ ቤት ውሳኔ የሚጠብቅ ፈቃድ ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ የሚደርስ ፈቃድ ይሆናል። ጦርነትና ግጭት በተፈራረቁበት ባለፉት ዓመታት ደግሞ በክልላችን ብዙ ወረዳዎች ውስጥ ቃል የሚቀበል ፖሊስ ማግኘቱ ራሱ ፈተና ሆኖ ቆይቷል።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታውን አንድ ነገር መለየት ይገባል። የሴቲቱ ቃል በቂ የሚሆነው ሕክምናውን ለማግኘት ብቻ ነው። በዚያ ቃል ማንም ሰው አይታሰርም፣ ማንም ሰው ደፋሪ ተብሎ አይፈረድበትም፤ ክስ ከተመሠረተ ዐቃቤ ሕግ እንደማንኛውም ወንጀል ማስረዳት አለበት። «በአንዲት ሴት አፍ የሰው ልጅ ዘብጥያ ይወርዳል» የሚለው ስጋት ከዚህ ድንጋጌ ጋር ግንኙነት የለውም።

[ምስል፦ የጤና ጣቢያ በር፤ የማንም ፊት አይታይም።]

ለአካለ መጠን አለመድረስ የሚለው ምክንያት ለአካባቢያችን የተለየ ትርጉም አለው። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ቢያደርገውም፣ የልጅነት ጋብቻ በክልሉ ሥር የሰደደ ልማድ መሆኑ የታወቀ ነው። በሽማግሌ የተዳረች የ15 ዓመት ልጅ በመንደሯ ዓይን ባለ ትዳር ናት፤ በአንቀጽ 551 ዓይን ግን ለአካለ መጠን ያልደረሰች ናት። ባልም አማትም ይህን አይነግሯትም፤ እርሷም መብት እንዳላት ሳታውቅ ትቀራለች።

ሕጉ ጎንደር ላይ እንዲሠራ ያደረገው ሌላው ነገር መመሪያው ሥልጣኑን ለሐኪሞች ብቻ አለመተዉ ነው። ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና አዋላጅ ነርሶች ሠልጥነው በጤና ጣቢያ ደረጃ አገልግሎቱን እንዲሰጡ ተፈቀደ። የሁለት ሐኪም ፊርማ የሚጠይቀው የ1949 ሕግ የዘጋውን መንገድ፣ ይህች ከተማ ስታሠለጥናቸው የኖረችው ባለሙያዎች ከፈቱት ማለት ይቻላል። በአገር አቀፍ ጥናት ግምት መሠረት በፈረንጆቹ 2008 በኢትዮጵያ 382,500 ያህል ጽንስ ማቋረጦች ተፈጽመዋል፤ ከእነዚህ በጤና ተቋም ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የተፈጸሙት 27 በመቶ ነበሩ። በ2014 አጠቃላዩ ግምት ወደ 620,300 ሲያድግ የሕጋዊው ድርሻ 53 በመቶ ደርሷል። ተቃዋሚዎች የመጀመሪያውን ቁጥር ዕድገት ይጠቅሳሉ፤ ደጋፊዎች የሁለተኛውን። ከሁለቱም ቁጥር የምንረዳው ግን፣ ሕጉ ከወጣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላም ግማሽ ያህሉ አሁንም ከጤና ተቋም ውጭ ይፈጸም እንደነበር ነው።

ለመሆኑ ይህ ክርክር እንደ አሜሪካ ለምን ፍርድ ቤት አልገባም? በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፈረንጆቹ 1973 «ሮ» በተባለው መዝገብ የሰጠውን ጽንስ የማቋረጥ መብት በ2022 «ዶብስ» በተባለው መዝገብ ሽሮ ጉዳዩን ለየክፍለ ግዛቱ መልሶታል። በጎረቤታችን በኬንያም በፈረንጆቹ 2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ስለ ሕይወት መብትና ስለ ጽንስ ማቋረጥ የሚደነግገው አንቀጽ 26 ትርጉም በዳኞች ፊት እየተሟገቱበት ያለ ጉዳይ ነው። በእኛ አገር ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የወንጀል ሕግ ማውጣትም በዋናነት የፌዴራሉ ፓርላማ ሥልጣን በመሆኑ፣ የአማራ ክልል ምክር ቤት አንቀጽ 551ን ሊያጠብ ወይም ሊያሰፋ አይችልም። ጽንስ ሰው ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄም ቢሆን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የሰው መብት ከመወለድ ይጀምራል፣ የተፀነሰ ልጅም ጥቅሙ ሲጠይቅ እንደተወለደ ይቆጠራል ካለው ወዲያ በችሎት ብዙም አልተገፋበትም።

የውጭው ፖለቲካ ግን በሌላ በር ይገባል። አሜሪካ ከፈረንጆቹ 1984 ጀምሮ የያዘችው የሜክሲኮ ሲቲ ፖሊሲ፣ ጽንስ የማቋረጥ አገልግሎት የሚሰጡ ወይም ስለ እርሱ የሚሟገቱ የውጭ ድርጅቶችን ከእርዳታዋ ያግዳል። ሪፐብሊካን ፕሬዚዳንት ሲመጣ ይጸናል፤ ዴሞክራት ሲመጣ ይነሣል። በ2021 ተነሥቶ በ2025 ተመልሷል። በአራት ኪሎ የወጣው ሕግ አንድ ፊደል ሳይለወጥበት፣ በዋሽንግተን ፊርማ ምክንያት አንድ ድርጅት ክሊኒኩን መዝጋቱ ወይም ምክር መስጠት ማቆሙ ሊደርስ ይችላል።

አሁን ባለው ሁኔታ ሕጉን ለመለወጥ የሚፈልግ ወገን ሁለት መንገድ አለው። አንቀጽ 552 ንዑስ 2ን ለመሰረዝ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ ያስፈልጋል፤ ይህም ግልጽ ክርክርን ይጠይቃል። መመሪያው ግን በሚኒስቴሩ የሚወጣና የሚሻሻል ነው። የዕድሜው ጉዳይ፣ ሦስቱ የሥራ ቀናትና የጤና መኮንኖች ሥልጣን በአዋጁ ውስጥ ሳይሆን በመመሪያው ውስጥ የተጻፉ በመሆናቸው፣ አዋጁ ሳይነካ ሊጠብቡም ሊሰፉም ይችላሉ።