አንዱ እጅጌ የኔ፣ አንዱ የእትዬ

እሺ፣ እየቀዳ ነው። ሰላም ሰላም። ፍሪጁም ሰላም ብሏችኋል። ዛሬ ሲጮህ ነው የዋለው፤ ስለዚህ ከጀርባ የምትሰሙት ዝናብ አይደለም። ዝናቡ ሲመጣ ራሱ ይናገራል፣ ቆርቆሯችንን ታውቁታላችሁ።

ዛሬ የማወራው ሌላ ነገር ነበር። ወረቀት ላይ ሁሉ አስፍሬው ነበር። ግን ከቅዳሜ ወዲህ ጭንቅላቴ ውስጥ የሚመላለሰው ያ እጅጌ ነው። እሱን ካላወጣሁ ሌላው አይወጣልኝም። ትንሽ ነገር ናት። "ይሄንን ብለሽ ነው ማይክ የከፈትሽው?" ትሉኛላችሁ። በሉኝ።

ኮንዶሚኒየሙ፣ ማለትም አላልቅ ስላለ በዚህ ስም የምቀልድበት የባቢ ሹራብ፣ አሁንም ርክክብ አልተደረገም። ባቢ ተስፋ ቆርጦ ጃኬት ገዝቷል። ቢሆንም የሹራቡ ጀርባ አልቋል፣ ደረቱ አልቋል፣ ግራ እጅጌው አልቋል። የቀረኝ የቀኙ ብቻ ነበር። እሱም አንጓው ላይ ያለው የሚለጠጠው ክፍል ተሠርቶ፣ መርፌው ላይ ቆሟል። ባለፈው ስንገናኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ካፌ ተሰብስበን ሹራብና ዳንቴል ከምንሠራው መካከል ያሉት እትዬ "ስጪኝ እስቲ፣ አሠራሩን ቤት ሄጄ በደንብ ልየው" አሉኝ። ከነመርፌው ከነክሩ ሰጠኋቸው። "ልየው" ነው ያሉት። ይቺን ያዙልኝ።

ቅዳሜ ታዲያ ያቺው ካፌ፣ ያቺው ጥግ፣ ፒያሳ። ሁላችንም ደርሰናል። የራይዱ ልጅ እንኳን የሚያቆምበት አጥቶ ሲዞር ቆይቶ ገብቷል። እትዬ ዘገዩ። ሲመጡ ገና ሳይቀመጡ፣ ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ፣ ስፕሪሳቸውን ሳያዙ፣ ከቦርሳቸው ጥቁር ፌስታል አወጡ። ከፌስታሉ ደግሞ እጅጌውን። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉትና "ይኸው ልጄ፣ ገላገልኩሽ" አሉ።

አልቋል። እስከ ትከሻው። ጫፉ ተዘግቷል፣ ትርፉ ክር ወደ ውስጥ ተሰክቶ ተደብቋል።

ጠረጴዛው በእልልታ ቀለጠ። እውነቴን ነው። አስተናጋጇ ቀለበት የታሰረ መስሏት ዞር አለች። እኔም ሳቅኩ። እጄን ሰድጄ አነሳሁት። እንግዲህ ነገሩ እዚህ ጋ ነው።

ጣቴ ከዓይኔ ቀድሞ አወቀ። የኔ ግራ እጅጌ ሲስቡት ይለጠጣል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ይሄኛው ድርቅ ይላል። ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርጌ አየሁት። የሹራብ ፊቱ ላይ እያንዳንዱ ቀለበት ቪ ይመስል የለ? ሁለት እግር፣ ታች ላይ የተገናኙ። እዚህ ግን አንዱ መስመር ክፍት ቪ ነው፣ ቀጣዩ መስመር እግሩ ተጠላልፏል። ክፍት፣ የተጠላለፈ፣ ክፍት፣ የተጠላለፈ፣ እስከ ትከሻ ድረስ። ቆንጆ ነው እኮ! አንዷም ቀለበት ከሌላዋ አትበልጥም። የኔ መቼም እንደዛ እኩል ሆኖ አያውቅም።

"እትዬ! እጅዎን ቁርጥማት አይንካው!" አልኩ። ድምፄ ቀጠነ። ባንክ ቤት ስገባ የማወጣው ድምፅ ነው የወጣው።

"አሜን። ወደድሽው?"

"በጣም።"

እሳቸው ግን ፊቴን አላዩም። ጣቴን ነው ያዩት። ጣቴ ለካ ሥራ ላይ ነው። "በጣም" እያልኩ በሁለት እጄ ይዤ እየለጠጥኩት ነው፣ ይመለስ እንደሆነ። እንዳዩኝ አየሁ። አቆምኩ። እሳቸው "የኔ እጅ ጠበቅ ይላል" አሉና ስፕሪስ አዘዙ።

በቃ። ወሬው ወደ ሽንኩርት ዋጋ ሄደ።

"የኔ እጅ ጠበቅ ይላል።" እስቲ ምን ማለት ነው? ይቅርታ ከሆነ ልቤ ይሰበራል፣ ምክንያቱም ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር አላደረጉም። ኩራትም ሊሆን ይችላል። በእሳቸው ቤት እኮ የጠበቀ እጅ ነው ጥሩ እጅ፣ የላላ ዳንቴል የሰነፍ ነው። ስለዚህ ምናልባት "የኔ ጠበቅ ይላል፣ ያንቺ ይዝረከረካል" ማለታቸው ነው። ወይም ደግሞ "ዛሬ ይበርዳል" እንደማለት ነው። ድምፃቸውን ደጋግሜ ላስታውስ ስሞክር በቃ እንደፈለግኩ አድርጌ የምቀዳው ሆነ። ሲሻኝ ያዘኑ ይመስለኛል፣ ሲሻኝ የሳቁ።

አሠራሩን ላስረዳ፣ መርፌ የማትይዙት ታገሱኝ። እትዬ የኪሮሽ ሰው ናቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ዳንቴል። ዳንቴል ሲሠራ ክሩ በግራ እጅ ጣት ላይ ይጠመጠማል፣ ቀኙ ኪሮሹን ይዞ ይጎትታል። ስለዚህ የሹራብ መርፌ ሲያነሱም ክሩን በግራ ይይዛሉ። እኔ ከዩቲዩብ የለመድኩት በቀኝ ይዞ መርፌው ላይ መጠምጠም ነው። ሁለቱም ያስኬዳል። ፈረንጆቹም በዚሁ ይለያያሉ፣ በቀኝ የሚይዘው የእንግሊዝ ይባላል፣ በግራ የሚይዘው የአውሮፓ። ታዲያ በግራ የሚይዝ ሰው በግልባጩ መስመር ላይ፣ የሹራቡ ጀርባ ወደኛ ዞሮ በሚሠራው ማለቴ ነው፣ ክሩን በአጭሩ መንገድ፣ ከስር መጠምጠም ይቀለዋል። እንደዛ ሲያደርግ ቀለበቱ መርፌው ላይ ዞሮ ይቀመጣል። በፊቱ መስመር ሲመለስ ከኋላ እግሩ ከወሰደው ይቃናል። ከፊት ከወሰደው ይጠመዘዛል። እትዬ ከፊት ነው የሚወስዱት። የተጠመዘዘ ቀለበት ደግሞ አይለጠጥም። አለቀ፣ ምሥጢሩ ይሄ ነው።

ቤት ገብቼ በማስመሪያ ለካሁት። አዎ፣ ለካሁት፣ እንደዚህ ዓይነት ሰው ነኝ። በኔ እጅ 10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 20 ቀለበት ይገባል። በእሳቸው 23። እንግዲህ 60 ቀለበት ያለው እጅጌ የኔ ዙሪያው 30 ሴንቲ ሲሆን የእሳቸው 26 ነው ማለት ነው። ባቢ ደግሞ ጂም ከጀመረ ወዲህ ክንዱ፣ ያው በየስቶሪው አይታችሁታል።

ከክርኑ በላይ ደግሞ ቀለሙ ትንሽ ጠቆር ይላል። ካፌው ውስጥ አይታይም ነበር፣ በረንዳዬ ላይ በቀን ብርሃን ግን ቁልጭ አለ። ክር በተነከረ ቁጥር ቀለሙ ለትንሽ ይለያያል፣ ለዛ ነው ጥቅሉ ላይ ያለውን የንክር ቁጥር አይታችሁ ግዙ የምላችሁ። ለካ ክሩ አልቆባቸው ነው። ሄደው ገዝተዋል። ከኪሳቸው። አንዲት ቃል አልነገሩኝም። የክር ዋጋ የት እንደደረሰ ደግሞ እናንተም ታውቃላችሁ። ይቺን ሳይ "ልፍታው" የሚለው ሐሳብ ራሱ አሳፈረኝ። ግን ሐሳቡ አልሄደም። አፍሮ ተቀመጠ።

እና ብዙዎቻችሁ "ቅዳሜ እንምጣ ወይ" ትላላችሁ። ኑ። ክር ይዛችሁ ኑ። አንድ ሕግ ብቻ ነው ያለን፤ የሚቆጥር ሰው አይጠራም። ቤቱ ቢቃጠል እንኳን መስመሩን ይጨርስ። የተቀረው ጨዋታ ነው። የኪሮሽ ወገንና የመርፌ ወገን አለ፣ እንደ ቡናና ጊዮርጊስ። ኪሮሾቹ ይንቁናል። በእርግጥ ምክንያት አላቸው። ዳንቴል ላይ ክፍት ሆኖ የሚቆየው ቀለበት አንድ ነው፣ ቢያመልጥ እሱ ብቻ ነው የሚያመልጠው። ሹራብ ላይ ግን መርፌው ላይ የተሰለፉት ሁሉ ክፍት ናቸው። አንዷ ከሾለከች እስከ ታች ድረስ መሰላል ትሠራለች።

የራይዱ ልጅ በቀደም ኮፍያ እየሠራ አንዷ አመለጠችው። ገና "ውይ!" ከማለቱ ሁለት ኪሮሽ ከግራና ከቀኝ መጣ። እትዬ ቀደሙ። ኪሮሹን ታች ያለችው ቀለበት ውስጥ ሰኩ፣ ከበላይዋ ያለውን አግድም ክር ያዙ፣ ሳብ። ቀጣዩን ያዙ፣ ሳብ። እያወሩ ነው ይሄን ሁሉ የሚያደርጉት፣ ዓይናቸው አስተናጋጇ ላይ ነው። ስምንት ዘጠኝ መስመር ወጥተው መርፌው ላይ አስቀመጡለት። ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ። በነገራችን ላይ ወንድ ልጅ ሹራብ ሲሠራ የሚገርማችሁ ሰዎች ሽሮ ሜዳ ሂዱ። ያ ሁሉ ጥበብ የሚወጣው ከማን እጅ ነው? ሸማኔው እኮ ወንድ ነው። ፈትሉ ነው የሴት።

ምን ልል ነበር? አዎ። ማንም ኪሮሹን ሰው ሥራ ላይ ሲሰካ "ፈቀድሽልኝ ወይ" አይልም። እኔም ወድጄው ነው የምሄደው፣ በዚህች ከተማ ማንም ማንንም ቀና ብሎ በማያይበት ጊዜ። ታዲያ አንዲት ቀለበት ሲያነሱልኝ እየወደድኩ፣ ሙሉ እጅጌ ሲጨርሱልኝ ለምን ከፋኝ? ድንበሩ የት ነው? ክርን ላይ? (ሳቅ) አይደለም፣ የምሬን ነው።

ጋቢን ውሰዱ። እናቴ ጋቢ ስታሠራ ፈትሉን የፈተለችው ብቻዋን አልነበረም። ጎረቤት ቁጭ ብሎ እንዝርት እያሾረ ነው፣ ጥጡን ተካፍለው። ከዛ ሸማኔው ጋ ይሄዳል። ያን ጋቢ ተከናንቤ አድጌ አንድ ቀን "ይቺ ክር የማን እጅ ናት?" ብዬ አላውቅም። ሹራብ ላይ ግን ማስመሪያ አወጣሁ።

ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ያሉትን ቀይ ካልሲዎች አይታችኋል? ግብጽ ነው የተገኙት፣ በፈረንጆቹ ከ250 እስከ 420 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተሠሩ፣ የሱፍ። ሰንደል ጫማ እንዲያስገባ አውራ ጣቱ ለብቻው የተከፈለ ነው። ሹራብ የምንለው አሠራር ከመምጣቱ በፊት ነው፣ በአንዲት መርፌ ብቻ። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ፎቷቸውን እያጎላሁ ሁለቱ እኩል ናቸው ወይ እያልኩ ሳይ ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የሰው ካልሲ! እንዲህ ሆኛለሁ።

አሁን ደግሞ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። እትዬ የዶሮ ማነቂያ ሰው ናቸው። 2016 ላይ ሰፈሩ ሲፈርስ ዳር ወጡ፣ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። የእውነቱ ኮንዶሚኒየም። እኔ በሹራቡ በቀለድኩ ቁጥር ይስቃሉ እሳቸውም። ቤቱ ጥሩ ነው ይላሉ፣ ውሃ አለው፣ ሽንት ቤቱ የግል ነው። ድሮ ግን በር ላይ ዱካ አውጥተው፣ ከጎረቤት ጋር እየተጫወቱ ነበር ዳንቴል የሚሠሩት። አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። ቅዳሜ ፒያሳ ለመድረስ ታክሲ አቆራርጠው ነው የሚመጡት። ዳንቴሉም ቢሆን የት ይደረጋል? ቴሌቪዥኑ ቀጥኖ ግድግዳ ላይ ወጣ።

እና ሳስበው እጅጌው ለኔ ውለታ ላይሆን ይችላል። የሳምንቱ ምሽቶች ናቸው ምናልባት። የሰው ሥራ እጅ ላይ ሲኖር ሰውየው አብሮ እንዳለ ዓይነት። ወይም ደግሞ እንዲህ ብዬ የማስበው እንዲቀለኝ ነው። ምስኪን ሳደርጋቸው እኔ ደግ እሆናለሁ። እሳቸው ምስኪን አይደሉም፣ ከሁላችንም ይልቅ አፍ ያላቸው እሳቸው ናቸው! ይሄን ሲሰሙ... አይሰሙም። ልጃቸው ካልከፈተችላቸው።

ያሉኝ መንገዶች እነዚህ ናቸው። በካውያ እንፋሎት ላሰፋው እችላለሁ። ግን ሱፍ እያልን የምንገዛው አብዛኛው አክሪሊክ፣ ሰው ሠራሽ ክር ነው። እውነተኛ ሱፍ ቢሆን አርጥቤ፣ በስፒል ወጥሬ ሳደርቀው ቅርጹን ይይዝልኝ ነበር። አክሪሊክ እንፋሎት ሲበዛበት ዝልፍልፍ ይላል፣ ከዛ ወዲያ አይመለስም። ብፈታው ደግሞ ያውቃሉ። ባይናገሩም ያውቃሉ፣ ጣቴን ያዩ ሰው ናቸው። ሌላው፣ የራሴን ግራ እጅጌ ፈትቼ በሳቸው አሠራር፣ ከፊት እየወሰድኩ፣ ከ60 ይልቅ ወደ 70 ቀለበት አድርጌ እንደገና መሥራት ነው። ያኔ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ስፋታቸው ግን አይገጥምም፣ የእሳቸው ያው 26 ነው። ወይ ግራውንም እሳቸው ይሥሩት። ይሄ ጥሩ ነበር፣ ግን ባቢ "ማን ሠራልህ" ሲባል ምን ሊል ነው?

ባቢ ምንም አይልም። ባቢ አያይም። ትናንት ሁለቱንም እጅጌ ጎን ለጎን አድርጌ አሳየሁት፣ "ልዩነቱ ይታይሃል?" አልኩት። "አንዱ ቆሽሿል እንዴ?" አለኝ። በቃ ስልኩን ቀጠለ።

ስለዚህ ለማን ነው የምጨነቀው... አይ፣ ቆይ። ቅዳሜ ብጠይቃቸውስ? "ለምን ጨረሱልኝ" ብዬ አይደለም፣ እንደሱ አይባልም። "ግልባጩን እንዴት ነው የሚጠመጥሙት፣ ያሳዩኝ" ብዬ። ያሳዩኛል። ካሳዩኝ በኋላ ግን ያን እጅጌ እንደ ስህተት ነው ያየሽው ወይ ብለው ቢያስቡ... ወይም ደስ ቢላቸው። ደስ የሚላቸው ይመስለኛል። ኧረ እንጃ። መጀመሪያ ክር መግዛት አለብኝ፣ መርካቶ ያ ንክር ቁጥር መኖሩንም እንጃ፣ የቱ ቁጥር ነው ራሱ የምፈልገው፣ የኔው ነው ወይስ የሳቸው...