ነገም እዚያው ቦታ፦ በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የሀገር ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ እናቶቼ፣ ልጆቼ፣ እንኳን ወደ ሀዋሳ በደህና መጣችሁ።

ከይርጋዓለም፣ ከዲላ፣ ከሻሸመኔ ሌሊት ተነስታችሁ የመጣችሁ አላችሁ። በዚህ ጊዜ ትራንስፖርት ስንት እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

በሲዳማ ባህል ሽማግሌ ነገር ሲከፍት «አፊኒ?» ይላል። ሰማችሁ ወይ? ማለት ነው። ሳይሰሙ መፍረድ የለም። ሳይሰሙ መነሳትም የለም። እኔም በዚሁ ልጀምር። አፊኒ?

መጀመሪያ የምትሰሙት ደስ የሚል ነገር አይደለም። ዛሬ አዳራሹ ሞልቷል፤ ወንበር ያጣው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። በየወሩ ስንገናኝ ግን እንዲህ አይደለንም። በሰኔው ስብሰባ ዘጠኝ ሰው ነበርን። ልቆጣችሁ አይደለም። ኑሮው እንዴት እንደከበደ አላጣሁትም፤ እኔም ገበያ እወጣለሁ። ግን ይህን እርስ በርሳችን ፊት ለፊት ካልተባባልን ስለ ሰላም ሌላውን ሰው መምከር ያሳፍረናል። ስለዚህ ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተመልሶ ስለ መምጣት።

አሞራ ገደልን የማያውቅ እዚህ የለም። ጠዋት ጀልባው ሲገባ ግርግሩን፣ ዓሣ የሚበልቱትን ልጆች፣ ትኩስ ሾርባውን ታውቁታላችሁ። ሞንሮቪያም የዓሣ ገበያ አለ። ሞንሮቪያ የላይቤሪያ ዋና ከተማ ናት። ላይቤሪያ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2003 በመሃል ጥቂት ፋታ አግኝታ በእርስ በርስ ጦርነት ነደደች። ከ200,000 በላይ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ሕፃናት ክላሽ ተሸክመው ሰው ይገድሉ ነበር።

በ2003 ሌይማ ግቦዊ የምትባል እናት ከጓደኞቿ ጋር ሆና ሴቶችን አሰባሰበች። ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም ነበሩ። ነጭ ለበሱ። ጌጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ዓሣ ገበያው አጠገብ ያለ ሜዳ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። በዚያ መንገድ ፕሬዚዳንቱ ቻርለስ ቴይለር በአጀብ ያልፋል። የሚሉት ነገር ቀላል ነው፤ ሰላም እንፈልጋለን፣ ጦርነት ይብቃ። የዚያ ሀገር ዝናብ የእኛን ሐምሌ ያስንቃል። ዘነበባቸው፤ አልተነሱም። ፀሐይ ወጣባቸው፤ አልተነሱም። በነጋታውም መጡ።

በሚያዝያ ቴይለር ሊሰማቸው ተገደደ። ድርድሩ ጋና ውስጥ አክራ ላይ ሲጀመር ከሴቶቹ የተወሰኑት ተከትለው ሄዱ። ሳምንታት አለፉ። ተደራዳሪዎቹ ሆቴል ተቀምጠው ይከራከራሉ፤ ሞንሮቪያ ላይ ከባድ መሣሪያ ይዘንባል። በሐምሌ ሴቶቹ መረራቸው። ክንድ ለክንድ ተያይዘው በአዳራሹ በር ላይ ተቀመጡና ሳትስማሙ አትወጡም አሉ። ጥበቃ መጥቶ ሌይማን ሊይዛት ሲል ልብሷን ማውለቅ ጀመረች። በእነሱ ባህል እናት ራሷን ስታራቁት ያየ ወንድ የተረገመ ነው።

ይህ ለእኛ ማብራሪያ አያስፈልገውም። «ባጠባሁህ ጡቴ» ያለች እናትን ረግጦ የሚያልፍ ማን ነው? ከሻሸመኔ የመጣችሁ እናቶች ደግሞ ሲንቄያችሁን፣ ያገባች የኦሮሞ ሴት የምትይዘውን በትር፣ ይዛችሁ በሁለት ተጣይ መሃል ስትቆሙ ወንዱ ጦሩን እንደሚያወርድ ከእናንተ በላይ የሚነግረን የለም። አስታራቂ የነበሩት የናይጄሪያው ጄኔራል አብዱልሰላሚ አቡባካርም ሴቶቹን አላስገፈተሩም። ኦገስት 18 ቀን የሰላም ስምምነቱ ተፈረመ። ሌይማ በ2011 ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለች።

ብዙ ሰው ሲያወራ የሚያነሳው የአክራውን በር ነው። እኔ ግን ልቤ ያለው ሜዳው ላይ ነው። አሥረኛው ቀን እንዴት ነበር እላለሁ። ሃያኛውስ? ልጅ አሞባት፣ ቤት ውስጥ የሚበላ ጠፍቶ፣ ነጩን ልብስ ማታ አጥባ ጠዋት እርጥቡን ለብሳ የመጣች ሴት አትጠፋም። አክራ ላይ በሩን የዘጋው ያ ሜዳ ነው።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር። ለብዙ ዓመታት ያልተናገርኩት ነው።

በ1990 ዓ.ም. የባድመ ጦርነት ሲጀመር ወጣት አስተማሪ ነበርኩ። ዘማቾች በከተማችን ሲያልፉ ተማሪዎቼን አሰልፌ ወጣሁ። አጨበጨብኩ። እልል አልኩ። ከተማሪዎቼ አንዱ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል የነበረ፣ ከመሄዱ በፊት ቤቴ መጣና ደብተሮቹን ሰጠኝ። «ቲቸር፣ ስመለስ እወስዳለሁ፤ ቤት ከተውኳቸው ታናናሾቼ ይቀዷቸዋል» አለኝ። ደብተሮቹ ዛሬም ቁምሳጥኔ ውስጥ ናቸው። እናቱን ገበያ ላይ ባገኘኋት ቁጥር መጀመሪያ የምትስመው እጄን ነው፤ ያስተማርኩት ልጇ ነዋ። ያጨበጨብኩበትን እጅ።

በዚያ ጦርነት ከሁለቱም ወገን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። በታኅሣሥ 1993 አልጀርስ ላይ ተፈራረሙ። በ1994 ሄግ የተቀመጠው የድንበር ኮሚሽን ባድመ ለኤርትራ ናት ብሎ ወሰነ። ስለ ውሳኔው ትክክልነት እዚህ አልከራከርም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያ ልጅ የሞተላት መሬት ነገር ያለቀው ጠረጴዛ ላይ ነው። ጠረጴዛው በ1990ም ነበረ። ከ2013 እስከ 2015 በሰሜን የሆነውንም ታውቃላችሁ። እሱም ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ፣ ጠረጴዛ ላይ ተፈረመ። ዛሬም ተኩስ ያልቆመባቸው ቦታዎች አሉ። እዚያም አንድ ቀን ጠረጴዛ ይቀርባል። በመሃል የሚሞቱት ልጆች ናቸው የሚያሳስቡኝ።

ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት አባላችን «ቲቸር፣ ዓድዋ ላይ ቢሆኑ ኖሮ ምን ይሉ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ብዙዎቻችሁም በሆዳችሁ ይዛችሁታል። እኔ የዓድዋን አባቶችና እናቶች አላንኳስስም፤ ለማንኳሰስም አፌ አይደፍርም። በእነሱ ደም ነው ቀና ብለን የምንሄደው። ግን ወረራን መቃወሚያው ጠመንጃ ብቻ ነበር የሚለውን አልቀበልም። አቡነ ጴጥሮስ በእጃቸው የነበረው መስቀል ነው። አርበኞችን እንዲያወግዙ ተጠይቀው እምቢ አሉ። ሕዝቡም ምድሪቱም ለፋሺስት እንዳይገዙ ገዝተው፣ በሐምሌ 1928 አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተደብድበው ሞቱ።

ሌላም ሰው አለች፤ ልጆቻችን ብዙም የማያውቋት። ሲልቪያ ፓንክረስት እንግሊዛዊት ናቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እናታቸውና ታላቅ እህታቸው ጦርነቱን ሲደግፉ እሳቸው ተቃወሙ። ከገዛ እናት ጋር መለያየት ምን ያህል እንደሚያም አስቡት። ጣሊያን ሀገራችንን ሲይዝ፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 1936፣ ለንደን ላይ ጋዜጣ አቋቋሙ። ስሙ ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ ነው። በየሳምንቱ ይወጣል። በየሳምንቱ ወረራው ይጻፋል። ዓለም ነገሩን እየለመደው፣ እየረሳው ሄደ። የራሳቸው የእንግሊዝ መንግሥት በ1938 ለጣሊያን ይዞታ ዕውቅና ሰጠ። ጋዜጣው ግን በሚቀጥለውም ሳምንት ወጣ። ጣሊያን ከተባረረ በኋላም አልቆመም፤ ሃያ ዓመት ሠሩበት። በ1956 አዲስ አበባ ገብተው ኖሩ። በ1960 ሲያርፉ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ አርበኞቻችን በሚያርፉበት ቦታ ተቀበሩ። አንድም ጥይት ሳይተኩሱ ማለት ነው። ለዚያ ወጣት የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ወረራን እንድንቀበል የሚነግረን ሰው የለም። በምን እንታገለው ነው ጥያቄው።

ደግሞ ከባዱ ነገር የሌላውን ሀገር ወረራ መቃወም አይደለም። የራስን ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1988 ኢየሩሳሌም ውስጥ ጥቂት እስራኤላውያን ሴቶች ጥቁር ለብሰው አደባባይ ቆሙ። የራሳቸው ሠራዊት ከ1967 ጀምሮ የያዘውን የፍልስጤማውያን መሬት ለቆ ይውጣ የሚል ጽሑፍ ያዙ። በየሳምንቱ ዓርብ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት። አይጮኹም፤ ይቆማሉ። አላፊ አግዳሚው ከሃዲ ይላቸዋል። ከዚያም የከፋ፣ እዚህ ልደግመው የማልችለው ስድብ ይሰደባሉ። በሚቀጥለው ዓርብ ይመለሳሉ። በ1991 ዩጎዝላቪያ ስትፈርስ የቤልግሬድ ሴቶች ያንኑ ጥቁር ለብሰው የራሳቸውን መንግሥት ጦርነት ተቃወሙ።

በማዶ ደግሞ ቢልኢን የምትባል የፍልስጤማውያን መንደር አለች። የእስራኤል አጥር ገበሬውን ከእርሻውና ከወይራ ዛፉ ለየው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በየዓርቡ ከሶላት በኋላ ወደ አጥሩ ይሄዱ ጀመር። እስራኤላውያንም አብረዋቸው ሄዱ። በ2007 የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት አጥሩ ቦታ እንዲቀይር አዘዘ። የተነሳው ግን በ2011 ነው። ከመሬታቸው የተመለሰው ከፊሉ ብቻ ነው፤ ወረራውም አላበቃም። በእነዚያ ዓርቦች ሕይወቱን ያጣ ሰው አለ። ይህን ሳልደብቅ የምነግራችሁ በሰላም የቆመ ሁሉ ያሸንፋል ብዬ ልሸነግላችሁ ስለማልፈልግ ነው።

ለሀዋሳ ሰው ደግሞ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. እዚሁ ከተማችን ዳር ሎቄ ላይ ለምለም ቅጠል ይዘው በወጡ ሰዎች ላይ ጥይት ተተኩሷል። ሐዘኑ ዛሬም በየቤቱ ነው። ከመቀጠሌ በፊት ለእነሱም፣ በየጦርነቱ ለሞቱት ልጆቻችንም፣ በየትኛውም ወገን ይሁኑ፣ ተነስተን አንድ ደቂቃ ዝም እንበል።

እናመሰግናለን። ተቀመጡ።

ስለ ስልካችን አጭር ነገር ልበልና ወደ ሥራው ልግባ። የሬሳ ቪዲዮ፣ የብሔር ስድብ፣ «በለው» የሚል ዘፈን ሲላክላችሁ ሼር አታድርጉ። ላኪው የአክስት ልጅ ቢሆንም ደውሉና ተው በሉት። እኔ የዱሮውን ጭብጨባዬን ዛሬ በሌሎች ሰዎች ስልክ ውስጥ አየዋለሁ።

ሥራው ይህ ነው። የሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ ለዚህ ጉባኤ አንድ ሐሳብ ያቀርባል። በየሳምንቱ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ አሞራ ገደል መግቢያ ላይ ነጭ ለብሰን እንቆማለን። አንድ ሰዓት ብቻ። የፓርቲ ስም የለም፣ የብሔር ባንዲራ የለም። በአማርኛ፣ በሲዳምኛ፣ በኦሮምኛና በወላይትኛ አንድ ጽሑፍ እንይዛለን፤ «ጦርነት ይብቃ፣ ተነጋገሩ»። የሚሰድብ ካለ አንመልስም። የሚጠይቅ ካለ ዞር ብለን እናወራለን። ያረገዘች፣ የታመመ፣ ሽማግሌ ወንበር ይቀርብለታል።

ሕጉን ለሚጠይቅ፣ በሰላም የመሰብሰብና ሰልፍ የመውጣት መብታችን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 አለ። አዋጅ ቁጥር 3/1983 ደግሞ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቁ ይላል። የማሳወቂያው ደብዳቤ ረቂቅ በጸሐፊያችን እጅ ነው። ተደብቀን የምንሠራው ነገር የለም። ጉባኤው ካልተስማማ ይቀራል፤ ከተስማማ ግን የምንመዘግበው ስም ለአንድ ቅዳሜ አይደለም። ወረቀቱ ላይ አሥራ ሁለት ቅዳሜዎች ተጽፈዋል። የምትችሉባቸውን ብቻ ምልክት አድርጉ። ሦስት ከቻላችሁ ሦስት። ምልክት ያደረጋችሁበት ቀን ግን ኑ።

ለዓሣ ሻጮቹ አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። አንዲቷ ልጇ ወታደር ነው፤ በየቀኑ ስልኳን ስታይ ነው የምትውለው። «እኔ ከመደቤ መነሳት አልችልም፤ ግን እዚያው ተቀምጬ ነጭ እለብሳለሁ» አለችኝ። አንድ ሰው አለን ማለት ነው።

የምዝገባው ወረቀት ከኋላ በኩል፣ ሻይ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ነው። እስክሪብቶ አንድ ብቻ ስለሆነ ያላችሁ አውጡ። ጉባኤው ተከፍቷል። ጸሐፊያችን የዓመቱን ሪፖርት ያሰሙናል፤ መድረኩ የእሳቸው ነው።