በረካው ሳይደርስ

እንደምን አላችሁ። መብራት ስለጠፋ በስልኬ ነው የምቀርጸው። የሚጮኸው ውሻ ያው የጎረቤት ነው፤ ስሙን ጠይቅልን ብላችሁኝ ነበር፣ እስካሁን አልጠየቅኩም። እኅቴም «ስትጀምር ጉሮሮህን አትጥረግ» ብላኛለች። ጠርጌያለሁ፤ አለፈ።

ዛሬ የኮርኒሷን ድመት ታሪክ ልጨርስላችሁ ነበር ያሰብኩት። ግን ትናንት ከአዘዞ ስመለስ ባጃጁ በዚያ ቤት በር አለፈ። ሰኔ ላይ ለአንድ ገዢ በመረመርኩት በእማማ ቤት። ከሰኔ ወዲህ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ ስልኬን አውጥቼ መልእክት የማነብ መስያለሁ። ማን እንዳያየኝ ነው? ባጃጁ ውስጥ እኔና ሹፌሩ ብቻ ነበርን።

«የቁምሳጥኑ ቤት» ብዬ ያሳቅኋችሁ እሱ ነው። ያኔ የነገርኳችሁ ግማሹን ነው።

ሰኔ 4፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ። ገዢው አልመጣም፤ «አንተ እይልኝና እስከ ዓርብ ጻፍልኝ» ብሎ ነው የላከኝ። ክረምቱ ይለፍና መስከረም ላይ ልየው ብዬው ነበር፤ ደላላው «ሌላ ገዢ አለ» እያለ ያጣድፈዋል። እማማ በር ላይ ጠበቁኝ። «ግባ ልጄ፤ ጫማህን አታውልቅ፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል» አሉ። ረከቦቱ ቀርቧል፣ ቄጤማው ተጎዝጉዟል። እንግዳ አይደለሁም፣ ቤትዎን ልመረምር ነው የመጣሁት ልላቸው አሰብኩና ተውኩት።

ቤቱን ዞርኩ። ኮርኒሱ ላይ ወጥቼ ባትሪዬን አጠፋሁ። ስንት ጊዜ ነግሬያችኋለሁ፦ የቆርቆሮ ጉድ የሚታየው ባትሪው ሲበራ ሳይሆን ሲጠፋ ነው። ምስማሩ የላላበት ቦታ ሁሉ በጠራራ ፀሐይ ኮከብ ሆኖ ይታያል። አሥራ አንድ ኮከብ ቆጠርኩ። ድመት የለም። ሶኬቶቹ የመሬት መስመር ቦታ አላቸው፣ መስመሩ ራሱ ግን የለም። ይህ እንኳ ብርቅ አይደለም፤ ምጣዱ ሲነዝር «ጫማ አድርጊ» የሚባልበት ቤት ስንቱን አይቻለሁ። ጫማ መፍትሔ ሆኖ አረፈው።

ማድ ቤቱ ጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ ተለስኗል። በጣቴ አንጓ ሳንኳኳው እንደ ባዶ ገንቦ ጮኸ። ሲሚንቶና ጭቃ ባልና ሚስት አይሆኑም። ጭቃው እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶው አብሮት አይሄድም፣ ውኃውንም መካከል ላይ ያስረዋል። ከዚያ ልስኑ ተነቅሎ ይቆማል፣ ከውጭ ግን ያምራል። የፋሲል ግንብም ከዚህ አላመለጠም እኮ። በኖራ የታነጸውን በጣልያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶና በብረት ኮንክሪት ጠገኑት፤ በኋላ የመጡት ጠጋኞች አብዛኛውን እያነሡ በኖራ መለሱት። ወደ ግቢው ስትገቡ ስለ አንበሶቹ ቤት ይነገራችኋል፤ ስለ ኖራው ሲነገር እኔ አልሰማሁም። ነገሥታቱ ድንጋይ ከድንጋይ ያያያዙበትን ነገር ረስተን ስለ አንበሳ... ወዴት እየሄድኩ ነው? ቁምሳጥኑ።

መኝታ ቤት። ሦስቱ ግድግዳ ያረጀ፣ ወደ ቢጫ የሄደ ክሬም ነው። አንዱ አዲስ ቀለም። አንድ ግድግዳ ብቻ ለይቶ ቀለም የሚቀባ ሰው የለም፤ የሚሸፍነው ነገር ከሌለው በቀር። ቁምሳጥኑም ልክ እዚያው ፊት ለፊት ተገትሯል።

«ይህን ትንሽ ላንቀሳቅሰው?»

«ከባድ ነው ልጄ።»

«ቀስ አድርጌ ነው።»

ዝም አሉ። ገፋሁት። እግሩ ወለሉን ሲፍቅ አንድ ረጅም ድምፅ አወጣ፤ ሌሊት የምሰማው ያንን ነው። ከጀርባው ከመስኮቱ የታችኛው ጥግ ተነሥቶ ወደ ወለሉ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ አለ። በጀሶ ተሞልቷል፣ ተቀብቷል፣ ጀሶው ጎን ደግሞ እንደገና ከፍቷል። የአንድ ብር ሳንቲም አውጥቼ ጠርዙን አስገባሁ። ገባ። ወደ ላይ ሲሄድ ደግሞ ይሰፋል።

ዘወር ስል እማማ በሩ ላይ ቆመዋል፣ ስኒ ይዘው። «ቶናው ደርሷል» አሉ። ስለ ግድግዳው ምንም አላሉም። ስኒውን ግን አልዘረጉልኝም። ይዘውት ቆይተው፣ «ይህንንም ትጽፈዋለህ?» አሉ።

ልመና አልነበረም። ቁጣም አልነበረም። «ነገ ይዘንባል?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው። እኔም «ያየሁትን ነው የምጽፈው፣ እማማ» አልኩ። ኩራት ቢጤ ተሰማኝ፤ አልዋሽም። ልክ ተናገርኩ ብዬ ቡናውን ጠጣሁ።

አሁን ጥያቄው ምንድን ነው... ያየሁትን ጻፍኩ ወይ?

ያየሁት ስንጥቅ ነው። ስፋቱን ለካሁ። ከዚያ ወጥቼ በውጭ በኩል ያንኑ ጥግ አየሁት። ከጣሪያው የሚወርደው የአሸንዳ ቱቦ ጉልበት ከፍታ ላይ ሲደርስ አልቋል፤ ክረምት ክረምት ውኃው በቀጥታ የግድግዳው ሥር ላይ ይወድቃል። መሬቱን እንደ ሳህን ቦርቡሮታል፣ ዶሮዎች እዚያ ይጠጣሉ። አፈሩ ደግሞ ያ የምታውቁት ጥቁር አፈር ነው። ሲርስ አብጦ ይገፋል፣ በበጋ ጭምድድ ብሎ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይተዋል። ደኅና ግንበኛ መጀመሪያ እሱን ጠርጎ አውጥቶ ገረጋንቲ ይሞላል። ያ ቤት ሲሠራ ተጠርጎ ይሁን አይሁን የሚታወቀው ሲቆፈር ነው። እኔ አልቆፈርኩም።

የሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ፣ የመጀመሪያ መስመር፦ «የቤቱ መሠረት በደቡብ ምዕራብ ጥግ ሰምጧል።»

ሰምጧል። አራት ፊደል። «መውረዱን ሊያመለክት የሚችል ስንጥቅ አየሁ፤ አልቆፈርኩም፤ ቱቦው ይቀጠል፣ ክረምቱ ይለፍ፣ ከዚያ በመሠረት የሚያውቅ መሐንዲስ ይየው» ማለት ነበረብኝ። ቱቦውንማ ጽፌዋለሁ። አራተኛ ገጽ ላይ፣ ከሶኬቶቹ ቀጥሎ። ገዢው ሁለተኛውን ገጽ አልገለጠም። ማን ይገልጣል? መጀመሪያ መስመር ላይ ቤቱን አስምጬለት።

ቆይ ደግሞ። ራሴንም እንዲሁ አልሰቅልም። የሳሙና በር ሰፈሩን ሰውዬ አስታውሱት። ለእሱ «ሊሆን ይችላል» የሚል ቃል አሥራ አራት ቦታ የጻፍኩለት፤ እኅቴ ቆጥራለች። ገዛው። ምስጡ የበሩን መቃን በላው። ደውሎ «ሊሆን ይችላል ያልከው ሆነ» አለኝ፣ ስልኩንም ዘጋው። ሳቃችሁ፤ እኔም ሥቄ ነበር። ግን ከዚያ ወዲህ ነው እጄ የከረረው። ለሚገዛው ሰው ነው የምሠራው፣ የሚከፍለኝ እሱ ነው፣ ነገ ጣሪያው ሥር የሚተኛው እሱ ነው። ይህ ትክክል ነው። ትክክል ነው መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከአንድ አናጢ ሰማሁ፣ አራዳ ገበያ ዳር ሻይ ስንጠጣ። ጸሐፊው እኔ መሆኔን አያውቅም። «ያ መሠረቱ የሰመጠው ቤት አልተሸጠም እኮ» አለኝ። ስም ወጥቶለታል። እኔ «የቁምሳጥኑ ቤት» ስለው እናንተ ብቻ ናችሁ የምትሰሙኝ፤ ደላላው ያወጣለትን ስም ግን ከተማው ሰምቷል። ቃሉ ደግሞ የደላላው አይደለም። «የት ሰማህ?» አልኩት። «ተጽፎ ነው አሉ» አለ።

ተጽፎ ነው።

ያልነገርኳችሁ ግማሽ ይኸው ነው፦ ከመውጣቴ በፊት ጀሶ በጥብጬ ስንጥቁ ላይ በአግድም ለጠፍኩ፣ ሁለት ጣት የምታህል። በእርሳስ «ሰኔ 4» ብዬ ጻፍኩባት። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ጀሶዋ ትሰነጠቃለች፤ ካልተንቀሳቀሰ እንዳለች ትቆያለች። መስከረም ላይ ለማየት ነበር። ሪፖርቱን ግን ዓርብ ሰጠሁ። ውጤቱን ሳላይ መልሱን ጻፍኩ ማለት ነው።

አሁን ጥቅምት ነው። ክረምቱን ሙሉ አልፋለች። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ገብቼ፣ ቁምሳጥኑን ገፍቼ፣ ባትሪ አብርቼ ማየት። ደኅና ሆና ከተገኘች... ለእማማ ምን እላለሁ? ሌላ ወረቀት ልጻፍ? ለማን? ተሰንጥቃ ከተገኘች ደግሞ እውነቴን ነበር ማለት ነው፣ ግን አልጋቸው እዚያው ክፍል ነው። ሳስበው የቱ እንዲሆን እንደምመኝ አላውቅም። አንዳንዴ ተሰንጥቃ ባገኛት እላለሁ። ከዚያ ምን ዓይነት ሰው ነህ እላለሁ።

ስወጣ ሦስተኛውን እየቀዱ ነበር። «በረካው ሳይደርስ?» አሉ። «ሥራ አለብኝ» አልኩ። አልነበረኝም። ቀኑን ሙሉ ምንም ሥራ አልነበረኝም፤ ቤቴ ሄጄ ተኛሁ።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ሜትር ቱቦ ገዛሁ፣ ከነማጠፊያው። በሬ ጀርባ ቆሟል። እኅቴ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ስትለኝ ለቤታችን ነው አልኳት። የእኛ ቤት አሸንዳ የለውም፤ ይህን እሷም ታውቃለች። እሷም ይህን ትሰማለች እንግዲህ።

ቅዳሜ ልሄድ አስቤያለሁ። ቅዳሜ ግን ገበያ ነው፤ ቤት ላይኖሩ ይችላሉ። እሑድ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት አርፍደው ነው። ሰኞ... ቆይ፣ መብራት መጣ። ስልኩን ልሰካው፣ አራት በመቶ ነው የቀረው፣